ዲፓርትመንት ሳይጠብቁ ወደ ኒውሮሳይንስ መግባት፦ ለሰሜን ሸዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ በጥልቀት መማር የሚፈልግ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ መጀመሪያ የሚያደርገው በዲፓርትመንቶች ዝርዝር ውስጥ ኒውሮሳይንስ የሚል መፈለግ ነው። ያጣዋል። ከዚያ ሜዲሲን ወይም ሳይኮሎጂ ይሞላና ቀሪውን «ማስተርስ ስማር» ብሎ ያሳድረዋል። ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውም ያው ነው። አራትና አምስት ዓመት ማሳደር ግን ብዙ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም።

አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች ለዚህ የተደራጀ መንገድ አላቸው። ብዙዎቹ ኒውሮሳይንስን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራሉ፣ የተማሪ ክበብ አላቸው፣ ተማሪው ገና ሳይመረቅ የአንድ ፕሮፌሰር ላብ ገብቶ ያግዛል። መምህራኑም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅድመ ምረቃ ኒውሮሳይንስን ብቻ የሚመለከት የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እኛ ጋ ሰዎቹ አሉ፣ የተበታተኑ ናቸው። በአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የሕክምና ተማሪው የራስ ቅል ነርቮችን ስም ይሸመድዳል። የሳይኮሎጂ ተማሪዋ ስለ ማስታወስ ታነባለች። የኮምፒውተር ሳይንሱ ልጅ ከነርቭ ሴል ስሙን የተዋሰ ፕሮግራም ይጽፋል። ፋርማሲ ያለችው የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች። አራቱ ካፌ ውስጥ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው አይተዋወቁም። እነዚህ ሰዎች በሳምንት አንድ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡ ማኅበረሰቡ ተፈጠረ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሰዓት ስለ መፍጠር፣ ስለ ማቆየትና ከዚያ ወደ ውጭ ስለ መዘርጋት ነው።

መጀመሪያ፦ ይዛችሁ የምትመጡትን ዕወቁ

ክበብ ከማቋቋማችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከዲፓርትመንቴ ሌላው የማያውቀውን ምን አመጣለሁ? የስታቲስቲክስ ተማሪ ከሆናችሁ በማንኛውም የምርምር ቡድን ውስጥ ተፈላጊ ናችሁ፤ የአንጎልን አናቶሚ አለማወቃችሁ ማንንም አያሳስብም። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያላችሁ ከጡንቻ የሚወጣን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎላ ሰርኪዩት መሥራት ትችላላችሁ። ባዮሎጂ ያላችሁ ማይክሮስኮፕ ላይ እጃችሁ ለምዷል። የግብርና ተማሪ ከእንስሳት በሽታ ጋር ይተዋወቃል፤ ይህ የማይገናኝ ከመሰላችሁ ትንሽ ታገሡ፣ ወደ በጉ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ፍሬሽማኖች ደግሞ ጀነራል ሳይኮሎጂን ሁሉም ይወስዳሉ። ስለ ስሜት ሕዋሳት፣ ስለ መማርና ስለ ማስታወስ የሚናገሩትን ምዕራፎች ለፈተና ብቻ ሳይሆን ጥያቄ እያወጣችሁ አንብቧቸው። ዲፓርትመንት ገና ያልያዘ ተማሪ ለክበብ ትልቅ ሀብት ነው፣ ከፊቱ ብዙ ዓመት አለውና።

ሁለተኛ፦ አምስት ሰውና አንድ መምህር

አምስት ሰው ይበቃል። ሃምሳ ሰው ሰብስቦ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ክፍል ከማየት አምስት ሰው ይዞ ሴሚስተሩን መጨረስ ይሻላል። ከአንድ ዲፓርትመንት ከሁለት በላይ አትውሰዱ። ማስታወቂያ ቦርድ ላይ የምትለጥፉት ወረቀት «የኒውሮሳይንስ ክበብ አባላትን ይመዘግባል» የሚል ከሆነ ማንም ቆሞ አያነበውም። ጥያቄ ጻፉበት፦ «የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት መጫር ይጠቅማል? ቅዳሜ 8 ሰዓት እንነጋገር።» ይህን አንብቦ የሚመጣው ሰው የምትፈልጉት ሰው ነው።

ሰዓቱን በጥንቃቄ ምረጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጋቢና ብርድ ልብስ እንጂ ስብሰባ የሚያምረው ተማሪ የለም። ማታ ስታደርጉት ደግሞ ሴቶቹ ወደ ዶርም የሚመለሱበት መንገድ ያሳስባል፣ በመጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ይሆናሉ። የጤና ተማሪዎች በሥራ ቀን ዋርድ ላይ ናቸው። እንግዲህ የሚተርፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

መምህር የግድ ያስፈልጋችኋል። ክፍል የሚያስፈቅድ፣ ላብ የሚያስከፍት፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ እሱ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የሚሰናከለው ገና ሳይሠራ ስለሚጠይቅ ነው። መምህሩ ቢሮ ገብቶ «ዶክተር፣ ክበብ ልናቋቁም ነበር፣ ቢያግዙን» ማለት ሸክም መጨመር ነው፤ ሰውየው ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ የሆስፒታል ተረኝነቱም አለበት። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ራሳችሁ ተገናኙ፣ ከዚያ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል እንዲህ ያለ ነገር ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሦስተኛ ዓመት ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከሕክምና፣ ከፋርማሲና ከስታቲስቲክስ ከመጡ አራት ተማሪዎች ጋር ላለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ስለ የሚጥል በሽታ ጽሑፎች ስናነብ ቆይተናል። ያልገባን አንድ ነገር አለ፤ የኢኢጂ ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ሰውየው በሽተኛ የሚባለው እንዴት ነው? ለዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ቢሰጡን በሚመችዎ ቀን ቢሮዎ እንመጣለን።»

(ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ ነው።) ጥያቄው የተወሰነ ነው፣ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ሥራው ተጀምሯል። በሃያ ደቂቃው መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ራሱ «በየስንት ጊዜው ነው የምትገናኙት?» ብሎ ይጠይቃል። አማካሪ ያገኛችሁት ያኔ ነው። በተማሪዎች ኅብረት በኩል በክበብነት መመዝገብና ማኅተም መፈለግ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በተቃራኒው የሄዱ ክበቦች ማኅተም፣ ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ይኖራቸዋል፣ ስብሰባ አይኖራቸውም።

ሦስተኛ፦ የንባቡ ሰዓት

የክበቡ ልብ ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጽሑፍ ለማግኘት ብር አያስፈልግም። ፐብሜድ ሴንትራል የሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ በነፃ ይነበባል። የተዘጋ ጆርናል ካጋጠማችሁ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለ፤ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችን በነፃ እንዲያነቡ ያደርጋል። የመግቢያ ቃሉን ላይብረሪ ጠይቁ። አንድ ሰው ዋይፋይ ባለበት ያውርድና ለሌላው በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ያካፍል፤ ስድስት ሰው በየፓኬጁ አንድ ፋይል ማውረዱ ብክነት ነው።

አንድ ጽሑፍ ሁለት ሰው ያቅርበው፤ አንዱ ከጤና፣ ሌላው ከጤና ውጭ። የጤናው ልጅ ቃላቱን ያብራራል፣ ሌላው «ይህ ከየት መጣ?» እያለ ያስቸግረዋል። ከሰዓቱ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ተመራማሪዎቹ ሊመልሱ የፈለጉት ጥያቄ ምን እንደነበር ለመናገር ተጠቀሙበት፤ በአንድ አማርኛ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ጽሑፉ አልገባችሁም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሥዕሎቹና ሠንጠረዦቹ ላይ ብቻ ቆዩ። መደምደሚያውን ማንም ሳያነበው «ከዚህ ሠንጠረዥ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?» ተባባሉ። ቀሪው ለጥርጣሬ ነው። ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚናገረው እንግሊዝኛ የሚችለው ነው፣ የገባው ሰው ዝም ይላል። በፍቼም በአፋን ኦሮሞ ብታደርጉት ያው ነው።

በመጀመሪያው ወር ከአገር ቤት የወጡ ምርምሮችን አንብቡ። ለምሳሌ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው የሠሩትና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የሚጥል በሽታ ጥናት አለ። ከ60,820 ሰው መካከል 316 በሽተኛ ተገኘ፤ ከሺህ 5.2 ማለት ነው። ቁጥሩን ከተናገራችሁ በኋላ ሥራው ይጀምራል። ልጁን ደብቆ «እዚህ ቤት የታመመ የለም» ያለ ቤተሰብ ስንት ይሆን? እንዲያ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ያንኑ ጥናት በባሶና ወራና ወረዳ ብንደግመውና ሃምሳ በሽተኛ ማግኘት ብንፈልግ ምን ያህል ሕዝብ እናያለን? የስታቲስቲክሱ ልጅ ያሰላል፦ አሥር ሺህ ሰው ገደማ። በቤት አምስት ሰው ቢኖር ሁለት ሺህ በር ማንኳኳት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «ናሙናው አነስተኛ ነው» የሚለውን ትችት ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይወረውርም።

ሁለተኛው ርዕስ ጓያ ይሁን። የእነዋሪን ሜዳና የጅሩን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው ጓያን ያውቃል። ጓያ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜትን ስለሚመስል መቀበያዎቹን ከልክ በላይ ይቀሰቅስና ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። ድርቅ መጥቶ ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት በዋናነት ጓያ የበላ ሰው እግሩ ሊገትርና በምርኩዝ ሊቀር ይችላል፤ ጉዳቱ አይመለስም። በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በዚህ ርዕስ ላይ የኬሚስትሪ፣ የዕፀዋት ሳይንስ፣ የሕክምናና የሕዝብ ጤና ተማሪ እኩል የሚናገረው አለው። ከመንዝም ከሞረትም የመጡ ልጆች ደግሞ ሴት አያታቸው ጓያን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ደውለው ይጠይቃሉ፣ እሱም መረጃ ነው።

አራተኛ፦ የበግ አንጎል

ውጭ አገር በኒውሮሳይንስ መግቢያ ላብ ውስጥ ተማሪው የሚከፍተው የበግ አንጎል ነው፤ ከኩባንያ በፎርማሊን (አካል እንዳይበሰብስ በሚያቆይ ኬሚካል) ታሽጎ በዶላር ይገዛል። እኛ የመንዝ በግ አገር ነን። እዚህ ላይ ከማንም አናንስም።

ጊዜውን አስቀድማችሁ ያዙ። ለዚህ ሥራ የሚመች፣ በየዓመቱ በመጋቢት ወር የሚከበር ዓለም አቀፍ የአንጎል ግንዛቤ ሳምንት አለ፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ያኔ ብዙው ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ጭንቅላቱን ቅበላ ላይ ሰብስቡት፤ አንጎሉ በፎርማሊን እስኪጠነክር የሚያስፈልገው ሁለት ሳምንትም በዚያው ይገኛል። ካልሆነ የገናን ሰሞን ተጠቀሙ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ጋ ጠዋት ሂዱ፣ እርዱ ትኩስ ሳለ። «ጋሼ፣ የበግ ጭንቅላት ሳይፈለጥ እንፈልጋለን።» «ለምናችሁ ነው?» «ለትምህርት ነው፣ አንጎሉን ልናይ።» ይስቁና አብዛኛውን ጊዜ በርካሽ ይሰጧችኋል። የሴት በግ ጭንቅላት ጠይቁ፤ የመንዝ ወንድ በግ ጠምዛዛ ቀንድ ስላለው መጋዙን ያስቸግራል። ታምሞ የታረደ፣ ሲንገዳገድ ወይም ለሃጩን ሲያዝረበርብ የነበረ በግ ከሆነ አትንኩት፤ የእብድ ውሻ በሽታ በጎችንም ይይዛል።

ሥራው ላብ ውስጥ፣ ከላብ ቴክኒሻኑ ጋር፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ ይሠራል። ዶርም ውስጥ ፎርማሊን መክፈት በፍጹም አይሞከርም። ቆዳውን ግፈፉ፣ ከዓይኖቹ ጀርባ አግድም፣ ከዚያ በሁለቱ ጎን ወደ ማጅራት ድረስ አጥንቱን ብቻ በመጋዝ ቁረጡ። አጥንቱ ሊያልቅ ሲል እጃችሁን አቅልሉ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ነጭ ጠንካራ ሽፋን ታያላችሁ፣ ዱራ ማተር ነው፤ በመቀስ ክፈቱት። ከዚያ ጭንቅላቱን ገልብጡና አንጎሉ በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲል ከሥሩ የያዙትን ነርቮች አንድ በአንድ ቁረጡ። ወፍራሙና ነጩ የዓይን ነርቭ ነው፤ ከአጥንቱ ራቅ ሳይሆን ጠጋ ብላችሁ ቁረጡት፣ ሁለቱ የሚሻገሩበትን ቦታ ኋላ ስለምትፈልጉት።

ትኩስ አንጎል በጣት ይፈርሳል። አንዱን እጅ የፎርማሊን ክምችት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡ፤ መጠኑ ከአንጎሉ አሥር እጥፍ ይሁን። ከማሰሮው ሥር ጥጥ አንጥፉ፣ አለበለዚያ ተጋድሞ የተኛበት ጎን ይዳመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አውጡና ሌሊቱን ሙሉ በውኃ አጥቡት።

ከዚያ በረጅም ቢላ መሐል ለመሐል አንድ ጊዜ ቁረጡ። ከፊት ለፊት የተንጠለጠሉት ሁለቱ ትልልቅ እብጠቶች የማሽተት ናቸው፤ ከሰው ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ትልቅ ናቸው፣ እናት በግ ግልገሏን የምትለየው በማሽተት ነውና አያስገርምም። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ነጭ ቅስት ኮርፐስ ካሎሰም ነው። ከኋላ ያለው ሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) ተቆርጦ ሲታይ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይመስላል። የሰው አንጎል 1,300 እስከ 1,400 ግራም ይመዝናል፤ እናንተ የያዛችሁትን በላብ ሚዛን መዝኑና አወዳድሩ። እያንዳንዱ ተማሪ ሥዕሉን በእርሳስ ይሣል። በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ ማየት አይደለም፤ እጅ ሲሥል ዓይን የዘለለውን ይመለስበታል።

አሁን የግብርናው ልጅ ተራ ነው። ደጋ ላይ በግ ያረባ ሰው አዙሪትን ያውቃል፦ በጉ ከመንጋው ተለይቶ አንድ ቦታ ይዞራል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። ምክንያቱ የውሻ ኮሶ ትል ነው። እንቁላሉ በውሻ ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ይግጠዋል፣ እጩ ትሉ አንጎል ውስጥ ገብቶ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ውሻ ያንን ጭንቅላት ሲበላ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። በጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው። ገበሬው አዟዟሩን አይቶ ጉዳቱ በስተግራ ነው ወይስ በስተቀኝ ብሎ ቢገምት ኒውሮሎጂስት በታማሚ ላይ ከሚያደርገው የተለየ ሥራ አልሠራም። ለክበባችሁ ከዚህ የተሻለ የአንድ ቅዳሜ ርዕስ አላውቅም። ሥራችሁን ስትጨርሱም የተረፈውን ጭንቅላት ለግቢ ውሻ አትጣሉ፣ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ፎርማሊኑን ቴክኒሻኑ በደንቡ ያስወግደዋል።

አምስተኛ፦ ወደ ምርምር መጠጋት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም ሆነ ጤና ካምፓሱ ውስጥ ምርምር የሚሠሩ መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች አሉ። የሚያስፈልጋቸው ሰው ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ መጠይቅ የሚሠራ፣ ዳታ በጥንቃቄ የሚያስገባ፣ ከእንግሊዝኛ የመጣን መጠይቅ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ነው። የትርጉም ጥራት የሚታየው ሌላ ሰው እንግሊዝኛውን ሳያይ ከአማርኛው መልሶ ሲተረጉመው ነው፤ ክበባችሁ ይህን በቡድን ቢሠራ በየዲፓርትመንቱ ይፈለጋል። ኤክሴልን በደንብ ልመዱ፣ ከዚያ ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ተማሩ። ዳታ እየሰበሰባችሁ ሳለ ቤቱ ሳትሄዱ ፎርም አትሙሉ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አንድ ጊዜ ከተያዘ ስሙ በግቢው ይዞራል፣ ተገቢም ነው።

በሽተኛን ፎቶ ማንሳት፣ በቲክቶክ ማውጣት፣ የዋርድ ታሪክ በቴሌግራም ማውራት የተከለከለ ነው። ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከታማሚ መረጃ አይወሰድም፣ ለመመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን። የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ ጠባብ አድርጉት፦ በአንድ ወረዳ ያሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ምን ያደርጋሉ? ይህ ከ«የአእምሮ ጤና በኢትዮጵያ» ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ወደ ሕዝቡ መውጣት

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር እኩል የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ መኪናም ይሁን ደብዳቤ ስትጠይቁ ወደዚያ ቢሮ ሂዱ፣ ዕቅዳቸው ውስጥ ትገባላችሁ። ጥሩው መድረክ ሁልጊዜ አዳራሽ አይደለም። የእድር ወርኃዊ ስብሰባ፣ የሰንበቴ ማግስት፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ የተሻሉ ናቸው። የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳትነግሩ መንደር አትግቡ፤ እናንተ ስትሄዱ የምትቀረው እሷ ናት።

አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ። የሚጥል በሽታ ሲነሳ፦ ሰውየውን ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም። ክብሪት መጫር አይጠቅምም፤ መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ራሱ ስለሚቆም ክብሪቱ ያቆመው ይመስላል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ጣቢያ። አረፋው አያስተላልፍም፣ በሽታው ተላላፊ አይደለም። በምድጃ ዳር የሚወድቁ ልጆች በዚህ ዞን ገጠር የሚደርስባቸውን ቃጠሎ ያየ ሰው የመጀመሪያው ምክር ለምን እሳት እንደሆነ ይገባዋል። ንግግሩን በድርጊት አሳዩ፤ አንዳችሁ መሬት ላይ ተኙ፣ ከተሰብሳቢው አንድ እናት መጥተው በጎን ያስተኙ።

ስለ ፀበል ትጠየቃላችሁ። ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ባሉበት ዞን ይህ የማይቀር ነው። እምነት ላይ ክርክር አትክፈቱ፣ የመጣችሁበት ጉዳይ አይደለም። መናገር ያለባችሁ አንድ ሐቅ ነው፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ፣ አንዳንዴም ሳያቋርጥ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ፀበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ይህን ከእናንተ ይልቅ የሰበካው አባት ቢናገሩት ይሰማል፣ አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

ሰባተኛ፦ ከሸዋ ውጭ ያለው ማኅበረሰብ

ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት፣ በምሕጻረ ቃሉ ኢብሮ፣ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አፍሪካ ውስጥ ለሚካሄዱ ሥልጠናዎች ገንዘብ ይሰጣል። የአፍሪካ ኒውሮሳይንቲስቶች ማኅበር ሶና ደግሞ በ1993 ተመሥርቶ በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል። አብዛኞቹ ሥልጠናዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሚፈልጉ ለእናንተ ዛሬ የሚጠቅመው ማስታወቂያቸውን መከታተልና ምን ዓይነት ሰው እንደሚወስዱ ማወቅ ነው። ትሬንድ ኢን አፍሪካ የሚባለው ድርጅት በርካሽ መሣሪያና በፍራፍሬ ዝንብ ምርምር ማድረግን በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያስፋፋል፤ ዝንቧ ደብረ ብርሃንም አለች፣ የበሰበሰ ሙዝ ይበቃታል።

ለቅድመ ምረቃ ተማሪ በእውነት ክፍት የሆነው ኒውሮማች አካዳሚ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሦስት ሳምንት የኦንላይን ትምህርት ነው፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የነርቭ መረጃ መተንተን ያስተምራል፣ በትናንሽ ቡድን ከአስጠኚ ጋር ትሠራላችሁ። ክፍያው እንደየአገሩ ኑሮ የሚቀንስ ሲሆን መክፈል ለማይችልም ነፃ የሚሆንበት መንገድ አለ። ትምህርቶቹም ለማንም ክፍት ሆነው ተቀምጠዋል። ችግሩ የሚሰጠው በሐምሌ መሆኑ ነው፤ ክረምት፣ መብራት የሚቆራረጥበት፣ ተማሪውም ኔትወርክ ወደሌለበት ቤቱ የሚገባበት ጊዜ። ለመመዝገብ ካሰባችሁ ለሦስቱ ሳምንት ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋ ማረፊያ አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ ፓይተኑንም ከጥር ጀምራችሁ ተለማመዱ።

ማመልከቻ ስትጽፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ አንጎል ያስደንቀኝ ነበር» አትበሉ፤ ሁሉም ይላል። «በዚህ ሴሚስተር ስምንት ጽሑፎች በቡድን አንብበናል፣ የበግ አንጎል አውጥተን ሥለናል፣ አንድ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተርጉመናል» በሉ። ደግሞ ኢሜይላችሁ ከተመዘገበ በኋላ «ክቡር ተመራማሪ» ብሎ በመጀመር ጽሑፋችሁን በዶላር እናትም፣ ዱባይ ጉባኤ እንጋብዛችሁ የሚል መልእክት መጉረፉ አይቀርም። አስቀድሞ ገንዘብ ለጠየቀ ሁሉ መልእክቱን ለአማካሪያችሁ ሳታሳዩ መልስ አትስጡ።

ስምንተኛ፦ ርክክብ

የግቢ ክበብ የሚሞተው መሥራቾቹ ጂሲ (ተመራቂ) ሲሆኑ ነው፣ መመረቂያ ጽሑፍና መውጫ ፈተና ይይዛቸዋል። የመጨረሻ ዓመታችሁ ሲጀምር ኃላፊነቱን ልቀቁ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር አይደለም። አንድ ደብተር ያዙ፦ የተነበበው ጽሑፍ፣ ያቀረበው ሰው፣ ያልተመለሰው ጥያቄ፣ የረዳ መምህር፣ ጭንቅላት የሰጠው ሥጋ ቤት። ብር አትሰብስቡ፤ ብር ያለበት ክበብ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይጣላ ሲቆይ አላየሁም። ሚድና ፋይናል ሲደርስ ሁለት ሳምንት በይፋ ዝጉ፣ የመክፈቻውን ቀን ግን በዚያው ዕለት ለጥፉ። የቴሌግራሙን አድሚንነት ለሁለት ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስጡ፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ አንዱም ከጤና ውጭ የሆነ ይሁን፤ አዲሶቹን ይዛችሁም አማካሪው ቢሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁ።